ስለ ጀርመን ወዶ ዘማች ጦሮችና ስለ አርማዎቻቸው



አንድ ትንሽ የብረት ቁራጭ በጠረጴዛችሁ ላይ እንደ ተቀመጠ አድርጋችሁ ገምቱ። መልኩ ጥቁር ነው፤ ቅርጹ ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው፤ በላዩም «ለሽሌዚያ» የሚል ቃል በጀርመንኛ ተጽፎበታል። ማዕድኑ ውድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ የጀርመን ቤተሰብ የአያቱን ሣጥን ሲፈትሽ ሊያገኘው ይችላል። ባገኘውም ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ይህን የሰጠው ማን ነው? የሰጠውስ ስለ ምን ነው? የተቀበለውስ ሰው ምን ሠርቶ ነው? ሁለቱን የፊተኞች ጥያቄዎች መጻሕፍት ይመልሷቸዋል። ሦስተኛው ግን አስቸጋሪ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም በዚሁ በሦስተኛው ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።) ኖቬምበር 9 ቀን 1918 ቄሣር ዊልሄልም 2ኛ ዙፋናቸውን መልቀቃቸው በበርሊን ተነገረ፤ በዚያው ቀን ሪፑብሊክ ታወጀ፤ ከሁለት ቀንም በኋላ የተኩስ ማቆም ውል ተፈረመ። በሚሊዮን የሚቈጠረው ሠራዊት ከጦር ግንባር ወደ አገሩ ሲመለስ አለቃና ምንዝር የሚለዩበት ሥርዓት ፈረሰ። በየከተማው የወታደሮች ሸንጎ ተቋቋመ። መኰንን በመንገድ ሲያልፍ የትከሻው ማዕረግ በጉልበት የሚገፈፍበት ጊዜ ሆነ። በዲሴምበር ወር በበርሊን የተሰበሰበው የሠራተኞችና የወታደሮች ሸንጎዎች ጉባኤ «የሀምቡርግ ነጥቦች» በተባለው ውሳኔው የማዕረግ ምልክት ሁሉ እንዲቀር ጠየቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአርማ ጉዳይ ገና ከመጀመሪያው የጠብ ምክንያት ነበረ። ማዕረጉን ከትከሻው ላይ የተነጠቀ መኰንን ያን ቀን በቀላሉ የሚረሳ አልሆነም። ጥቂት ወራት ቈይቶ ወዶ ዘማች ሲሰበስብ ለጭፍሮቹ አዲስ አርማ ለማሰፋት የቸኰለበት ምክንያት በከፊል ይኸው ይመስለኛል።

አዲሱን መንግሥት የሚመራው ፍሪድሪኽ ኤበርት የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ መሪ ነበር። ኖቬምበር 10 ቀን ከጄኔራል ግረነር ጋራ በስልክ ተነጋግሮ፥ ጦሩ መንግሥቱን እንዲደግፍ፥ መንግሥቱም የመኰንኖችን ሥልጣን እንዲጠብቅ ተስማሙ። ዳሩ ግን በገና ዋዜማ በበርሊን ቤተ መንግሥት ዘንድ ከመርከበኞች ጋራ ውጊያ በተነሣ ጊዜ መደበኛው ጦር ድል ሳያደርግ ቀረ። ወታደሩ ሁሉ ወደ ቤቱ መሄድን እንጂ መዋጋትን አልፈለገም። ስለዚህ መንግሥት ወዶ ዘማቾችን ተመለከተ። እነዚህም በጀርመንኛ «ፍራይኮር» የሚባሉት ናቸው፤ ስሙ ከቀድሞ ዘመን የመጣ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ያቋቋመው ጄኔራል ሜርከር የሚባል መኰንን ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1919 ኤበርትና ጓደኛው ጉስታቭ ኖስከ ይህን ጦር ሊጐበኙ ከበርሊን አጠገብ ወዳለችው ወደ ጾሰን ሄደው፥ በሥርዓት ተሰልፎ ባዩት ጊዜ ልባቸው እንደ ተጽናና ይነገራል። ለሜርከር ጭፍሮች አርማቸው የኦክ ዛፍ ቅጠል ነበረ። በፌብሩዋሪ ወር በቫይማር የተሰበሰበውን የሕዝብ እንደራሴዎች ጉባኤ የጠበቁትም እነርሱ ናቸው። ከዚህ በኋላ ጦሮቹ ከመቶ በላይ ሆኑ። የሰዎቻቸውን ቍጥር ጸሐፊዎች ከ200,000 እስከ 400,000 ይገምቱታል፤ ግምቱ ይህን ያህል መራራቁ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ መንግሥት ያስታጠቀውን ሰው ሁሉ በአንድ ባሕር መዝገብ አልጻፈውም ነበርና።

ስማቸውንም ተመልከቱ። ብዙዎቹ የተጠሩት በአገር ወይም በቍጥር ሳይሆን በአዛዡ ስም ነው፤ ኤርሃርት፥ ሮስባኽ፥ ኤፕ፥ ሊውትሶ እየተባሉ። ደመወዛቸው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሲከፈል የሚታዘዙት ግን ለሰበሰባቸው ሰው ነበር። አርማቸውም ይህንኑ ያሳያል። በቪልሄልምስሃፈን ወደብ በባሕር ኃይል መኰንን በሄርማን ኤርሃርት የተቋቋመው ብርጋድ የጥንት ቫይኪንጎችን መርከብ በእጅጌው ላይ አደረገ። የባቫርያው ኤፕ ጦር የአንበሳ ራስ፥ ኦበርላንድ የተባለውም ኤደልቫይስ የሚሉትን የተራራ አበባ መረጠ። በላትቪያ የዘመተው «የብረት ክፍለ ጦር» የራስ ቅል ነበረው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሪፑብሊኩን ጥቁር፥ ቀይና ወርቃማ ቀለም የሚፈልግ ተመራማሪ ብዙ ይደክማል።

አርማዎችና ሜዳሊያዎች የበዙበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህም በጽሕፈት ቤት ለምንውል ሰዎች በቀላሉ የሚገባ ነው። በኦገስት 1919 የጸናው የቫይማር ሕገ መንግሥት በ109ኛው አንቀጽ መንግሥት ኒሻንና የክብር ምልክት እንዳይሰጥ ከለከለ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ዜጎችን እኩል ለማድረግ የታሰበ ነው። ነገር ግን የመንግሥት እጅ ሲታሰር የአዛዦች እጅ ተፈታ። እያንዳንዱ ጦር የራሱን መስቀልና ምልክት ለግል ሠራተኛ እያዘዘ ያሠራ ጀመር። መዝገብ የያዘ አለ፤ ያልያዘም አለ። የዛሬው አስመሳይ ነጋዴ የሚጠቀመው በዚሁ ክፍተት ነው፤ ያልተመዘገበን ነገር ሐሰት ነው ብሎ ማስረዳት አስቸጋሪ ነውና።

በመግቢያዬ ያነሣሁት ጥቁር ንስር ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ነው። የሽሌዚያ ንስር ይባላል። ሕገ መንግሥቱ ከመጽናቱ በፊት፥ በጁን 1919፥ በብሬስላው የነበረው የጦር አዛዥ ያቆመው ሽልማት ነው። ሦስት ወር ላገለገለ 2ኛው ደረጃ፥ ስድስት ወር ላገለገለ 1ኛው ደረጃ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ሽልማቱ የሚቈጥረው ቀንን ነው፤ ተግባርን አይደለም። ድንበር የጠበቀውም፥ በጠባቂነት ተቀምጦ እንጀራውን የበላውም፥ ያልታጠቀ እስረኛ የገደለውም ያንኑ ንስር በደረታቸው ላይ ሊያደርጉ ይችሉ ነበር። ብረቱ አይለያቸውም።

የሚለያቸው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ግን የት አለ? ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ማታ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፖትስዳምን ሲደበድቡ በዚያ የነበረው የጦር ሠራዊት ቤተ መዛግብት ተቃጠለ፤ የፕሩሲያ ጦር ሰነድ ከሞላ ጐደል ከዚያው ጋራ ጠፋ። የባቫርያ ጦር መዝገብ በሙኒክ ለብቻው ስለ ተቀመጠ ተረፈ። ስለዚህ ስለ ኤፕ ጦር የሚመራመር ሰው የጭፍሮችን ስም ዝርዝር ሊያገኝ ሲችል፥ ስለ አንድ የፕሩሲያ ጦር የሚጠይቅ ግን በፍራይቡርግ ባለው ወታደራዊ ቤተ መዛግብት ያለውን ቅሪት መልቀም ይኖርበታል።

የታተሙት መጻሕፍትስ? ብዙ ናቸው፤ ዳሩ ግን ማን እንደ ጻፋቸውና መቼ እንደ ጻፋቸው መጠየቅ ያሻል። ከ1936 ጀምሮ በተከታታይ የታተመው የጦርነቱ ታሪክ ቀኑንና የጦሩን ጕዞ ለማወቅ ይጠቅማል፤ የተጻፈው ግን በናዚ መንግሥት ዘመን ለማመስገን ነው። ኤርንስት ፎን ሳሎሞን በ1930 ያወጣው መጽሐፍ በጥሩ ብዕር የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ግን በሚኒስትሩ በራቴናው ግድያ ረዳት ሆኖ የታሰረ ሰው ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ዌይት ደግሞ በ1952 እነዚህን ጦሮች የናዚዎች ፈር ቀዳጆች አድርጎ ጻፈ። በብዙው ትክክል ነው፤ ሁሉን በአንድ ገመድ ማሰሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል።

ይህንን ከአርማው ማየት እንችላለን። የራስ ቅል ያየ ሰው ወዲያው የሂትለርን ኤስኤስ ያስባል፤ ነገር ግን የራስ ቅል ከዚያ አስቀድሞ የፕሩሲያ ፈረሰኞች አሮጌ ምልክት ነበረ። የኤርሃርት ወታደሮች በ1920 በብረት ቆባቸው ላይ ስዋስቲካ ቀብተው ነበር፤ ይህም የሂትለር ፓርቲ ባንዲራውን ከማውጣቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ነው። እንግዲህ «ስዋስቲካ ስላለበት የናዚ ፓርቲ ዕቃ ነው» የሚል ተሳስቷል። ነገር ግን «ናዚ ስላልነበሩ ምልክቱ ንጹሕ ነው» የሚልም ከዚያ የባሰ ተሳስቷል። ምልክቱ በዚያ ጊዜም አይሁድን የሚጠሉ ማኅበሮች የሚለዩበት ነበርና የቀባው ሰው ምን እንደ ቀባ ያውቅ ነበር።

የ1920ውን ነገር ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልቈይበት። የቬርሳይ ውል የጀርመንን ጦር በ100,000 ሰው ስለ ወሰነው መንግሥት የኤርሃርት ብርጋድ እንዲበተን አዘዘ። ጄኔራል ሊውትቪጽ ትእዛዙን እምቢ አለ። ማርች 13 ቀን ጧት ብርጋዱ ቆቡን እንደ ቀባ በርሊን ገባ፤ ቮልፍጋንግ ካፕ የሚባል የፕሩሲያ ባለሥልጣን ራሱን የመንግሥት መሪ አድርጎ ሾመ። መደበኛው ጦር በወንድም ጦር ላይ አልተኩስም ብሎ ተቀመጠ። ሕጋዊው መንግሥት ሸሸ።

ታዲያ ካፕን የጣለው ማን ነው? የሠራተኛው ጠቅላላ አድማ ነው፤ ከእርሱ ጋራም የመንግሥት ጸሐፊዎችና የመምሪያ አለቆች እምቢታ። ከየሚኒስቴሩ ብዙዎች የካፕን ትእዛዝ አንቀበልም አሉ። ካፕ ለወታደሮቹ ደመወዝ ከመንግሥት ባንክ ገንዘብ ቢጠይቅ፥ የባንኩ ሹማምንት ወረቀቱ የባለ ሥልጣን ሕጋዊ ፊርማ የለበትም ብለው መለሱት። ኤርሃርት ገንዘቡን በጉልበት እንዲያወጣ ሲጠየቅ እኔ መኰንን እንጂ ባንክ ዘራፊ አይደለሁም አለ ይባላል። ካፕ በአምስተኛው ቀን ሥልጣኑን ለቅቆ ሄደ። የእነዚያ የባንክ ሹማምንት ሥራ በአንድም ሜዳሊያ ላይ አልተቀረጸም፤ ሰብሳቢም በጨረታ አይፈልገውም፤ እኔ ግን ከቫይኪንጉ መርከብ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ያ የተመለሰው ወረቀት ነው።

ብርጋዱ በዚያው ዓመት ተበተነ፤ ሰዎቹ ግን አልተበተኑም። ከእነርሱ የወጣው «ኮንሱል» የተባለው የምስጢር ማኅበር በ1921 ኤርዝበርገርን፥ በ1922 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ራቴናውን ገደለ። ኖቬምበር 9 ቀን 1933 የወዶ ዘማቾች ባንዲራዎች በሙኒክ በታላቅ ሥርዓት ለናዚዎች ተሰጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሂትለር የገዛ ሰዎቹን ሲያስገድል በኤፕ ሥር ያገለገለው ሬም ከሟቾቹ አንዱ ሆነ፤ ኤርሃርት ራሱ ሸሽቶ አመለጠ። ያ መንግሥት ከወዶ ዘማቾች ሽልማቶች ሁሉ የሽሌዚያን ንስርና የባልቲክን መስቀል ብቻ የመንግሥት ኒሻን አድርጎ ተቀበለ፤ በነዚህ ሁለት ስም ብዙ አስመሳይ ዕቃ ለገበያ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ክብር ይመስለኛል።

እንግዲህ ንስሩን ያገኘው ቤተሰብ ምን ያድርግ? በቅድሚያ ከንስሩ ጋራ የተሰጠ የምስክር ወረቀት እንዳለ ሣጥኑን ደግሞ ይፈትሽ፤ በወረቀቱ ላይ የጦሩ ስም፥ ቀኑና ማኅተሙ ይገኛልና። ፎቶግራፍ ካለ የእጅጌውን አርማ ይመልከት። ጦሩ ከታወቀ በኋላ በዚያ ወር የት እንደ ነበረ ይጠይቅ። ከዚያም ወደዚያች ከተማ የቀብር መዝገብ ይሂድ፤ ይህን የመጨረሻውን ሥራ ብዙዎች ይተዉታል።

የኤርሃርት ብርጋድ ከበርሊን ሲወጣ በብራንደንቡርግ በር አጠገብ ሕዝብ ተሰብስቦ ያፌዝ ነበር። ከሰልፉ አንዳንዶች ተመልሰው ተኰሱ፤ 12 ሰዎች ሞቱ። የዚያ ብርጋድ አርማ ዛሬ በሰብሳቢዎች መካከል ይሸጣል፤ የሻጩ ወረቀት መርከቡን፥ ማዕድኑን፥ መጠኑንና ዋጋውን ይዘረዝራል።