ይዋስፍና የእንጀራችን ነገር



ከሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ወደ ሰሜን ሲነዱ፣ ሌይሂል ጎዳና ላይ የታይላንዶች የቡድሃ ገዳም አለ። ብዙዎቻችን በደጃፉ አልፈናል፤ እንደ አገራችን መናንያን ቢጫ የለበሱትን መነኮሳት አይተን «የሩቅ ሰዎች» ብለን ይሆናል። ታሪካቸው ግን ከቤታችን ከገባ ቆይቷል። ከየመን መጥቶ ለደብረ ሊባኖስ እጨጌነት የበቃው አባ እንባቆም፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። በመጽሐፉ፣ መከራ እንዳያይ ተዘግቶበት ያደገው የህንድ ልዑል ይዋስፍ አንድ ቀን ወጥቶ ሕመምተኛና ሽማግሌ ያያል፤ በኋላም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ሊቃውንት ይህ ታሪክ ከቡድሃ ገድል ተነሥቶ፣ በፋርስኛ፣ በዐረብኛ፣ በጆርጂያኛና በግሪክኛ ዞሮ ክርስቲያናዊ መልክ መያዙን ደርሰውበታል። ገዳማችን ሳያውቅ የቡድሃን ሕይወት ሲያነብ ኖሯል ማለት ነው። ሃይማኖት ለውጡ ልላችሁ ግን አልቆምኩም።

ዛሬ ከቡድሃ ትምህርት ለዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች የደረሰው ተመስጦው ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን ማዳመጥ፣ እሱም በስልክ መተግበሪያ። የስሪላንካው መነኩሴ ሄኔፖላ ጉናራታና ግን እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ መጥተው፣ በዋሽንግተን 16ኛው ጎዳና ባለው ገዳም ለዓመታት ሲያስተምሩ ተመስጦን ከምግባር አልነጠሉም። አትግደል፣ አትስረቅ፣ አታመንዝር፣ አትዋሽ፣ አትስከር፤ እነዚህን እኛም እናውቃቸዋለን።

የምንለያየው ንግዱ ላይ ነው። ቡድሃ ለምእመናኑ አምስት ነገር እንዳይነግዱ ከልክሏል፦ መሣሪያ፣ ሰው፣ ሥጋ፣ አስካሪ መጠጥና መርዝ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የታይላንድ መነኩሴ ለእሱ ተብሎ ካልታረደ ሥጋ ይበላል። መብላቱ ተፈቅዶ መነገዱ ተከለከለ። እኛ ዘንድ ግን ዓርብ ቀን ሥጋ የማይነካው የምግብ ቤት ባለቤት ክትፎውን ለእንግዳ ያቀርባል፤ ማንም ነውር አይለውም። ሥጋውንስ ተዉት፤ ለእኔም ይከብዳል። መጠጡንም ቢሆን በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስኪ የሚቸረችረው ካውንቲው ራሱ፣ በአሌክሳንድሪያም የቨርጂኒያ መንግሥት ነውና «ኃጢአቱን መንግሥት ተጋርቶናል» ልትሉኝ ትችላላችሁ።

መሣሪያው ግን አያስቅም። ፔንታጎን ከአሌክሳንድሪያ አፍንጫ ሥር ነው። ኮምፒውተር የተማረ ልጃችን ሥራ ሲፈልግ ከመከላከያ ኮንትራክተሮች በር መድረሱ አይቀርም፤ ደመወዙ ጥሩ ነው፤ እኛም እሰይ ብለን እንመርቀዋለን። ድሮን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አገር ቤት ካለ ዘመዱ ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ልጁን የምንጠይቀው ጾሙን ስለመጾሙ፣ ሶላቱን ስለመስገዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደዋለ ጠይቀነው እናውቃለን?

ከእኔ ቀጥለው የሚናገሩት ቄስና ሼኽ ከዚህ ጥያቄ ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል። መድረኩን ለእነሱ እለቃለሁ።