ባለሜዳና እንግዳ
ስለ አገራችን የእግር ኳስ ሊግ ሥርዓትና ታሪክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በበዓላችን ቀን ስለ እግር ኳስ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኳስ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው የሚሉ ወላጆች ይኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ሊግ ስለሚባለው የውድድር ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሒሳብም፣ ታሪክም፣ ግብረ ገብም ይገኝበታልና ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊግ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የኳስ ውድድር በሁለት መንገድ ሊደረግ ይችላል። አንደኛው ጥሎ ማለፍ የምንለው ነው። በዚህ መንገድ 16 ቡድኖች ቢሰለፉ በ15 ጨዋታ ሁሉ ነገር ያበቃል፤ በየጨዋታው አንድ ቡድን ይሰናበታልና፣ አንድ አሸናፊ ብቻ እስኪቀር ድረስ 15 ቡድኖች መሰናበት አለባቸው። አንድ ቀን ዝናብ ቢጥል፣ አንድ ተከላካይ ቢሰናከል፣ የዓመት ድካም በ90 ደቂቃ ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ሊግ ነው። በሊግ አንድ ጊዜ ስለ ተሸነፈ የሚሰናበት የለም። እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ባላጋራው ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል፤ አንድ ጊዜ በገዛ ሜዳው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በባላጋራው ሜዳ። ቡድኖቹ 16 ቢሆኑ እያንዳንዱ 15 ባላጋራዎች ስላሉት 30 ጊዜ ይጫወታል፤ የሁሉም ጨዋታ ሲደመር 16 በ15 ተባዝቶ 240 ይሆናል። ላሸነፈ 3 ነጥብ፣ እኩል ለወጣ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ የተሸነፈ ምንም አያገኝም። ቀድሞ ላሸነፈ የሚሰጠው 2 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ወደ 3 ከፍ ያለው ቡድኖች እኩል ወጥቶ መሄድን እንዳይመርጡ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ ያለው ዋንጫውን ይወስዳል፤ በሰንጠረዡ ግርጌ የቀሩት ወደ ከፍተኛ ሊግ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ብርቱዎቹ በምትካቸው ያድጋሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሊግ የሚፈትነው የአንድ ቀን ጉልበትን ሳይሆን የዓመት ጽናትን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ነጥብ በነጥብ ላይ እየተጨመረ ሻምፒዮን ይገኛል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነው፤ በሊግ ሁሉም ተራ በተራ ባለሜዳ ይሆናል፣ ሁሉም ተራ በተራ እንግዳ ይሆናል። የዚህ ሥርዓት ፍርድ የቆመው በዚህ እኩልነት ላይ ነው።

ሥርዓቱ የተወለደው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ከዚያ በፊት ክለቦቹ በስምምነት ብቻ ይጫወቱ ስለ ነበር፣ ቀጠሮ የተያዘለት ጨዋታ በድንገት ይሰረዝና ተመልካቹ በከንቱ ይመለስ ነበር። የአስተን ቪላው ዊልያም ማክግሬገር ይህን ተመልክቶ፣ ክለቦች በተቆረጠ ቀን አንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ እንዲጫወቱ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት 12 ክለቦች ጀመሩት፤ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድም 22 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ሳይሸነፍ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። እንደምናየው የሊግ መሠረቱ ቀጠሮ ማክበር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው ክለባችን በ1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በ1936 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ ሁሉም በዋና ከተማው የሚገኙ ነበሩ። የኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖች ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ሳይሆነው የጣልያንና የኢትዮጵያ ልጆች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ስማቸው መጻፉ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ቡድኖች በየአካባቢያቸው ተወዳድረው፣ ብልጫ ያሳዩት ለአገሪቱ ሻምፒዮናነት ይገናኙ ጀመር። በ1947 እና በ1949 ዓ.ም፣ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተሳስራ ከነበረችው ከኤርትራ የመጣው ሐማሴን አሸነፈ። ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ ባሉት ዓመታት የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ዋንጫውን ደጋግሞ ወሰደ። የዚህም መስፋፋት ፍሬ በ1954 ዓ.ም ታየ። በዚያ ዓመት ጥር ወር የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደርጎ፣ ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። አምበሉ የአስመራው ልጅ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ወንድሙ ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ተሰልፈው ነበር። አሠልጣኙም በኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የተለያዩ ከተሞች ልጆች በአንድ ማልያ ሊሰለፉ የቻሉት፣ አስቀድሞ በየውድድሩ እየተገናኙ ስለ ተዋወቁ ነው።

በ1990 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው የአሁኑ ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሁሉ የበለጠ ያሸነፈ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በ1996 ዓ.ም አዋሳ ከነማ በፕሪሚየር ሊጉ ዘመን ከአዲስ አበባ ውጭ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በ2003 ዓ.ም ኢትዮጵያ ቡና፣ በ2005 ዓ.ም ደደቢት አሸነፉ። በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋር ወደ ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም ደግሞ መቐለ 70 እንደርታ ተከተለው። ሁለቱንም ለዋንጫ ያበቃቸው አሠልጣኝ አንድ ሰው፣ ገብረመድኅን ኃይሌ ነው። አንድ አሠልጣኝ በጅማም በመቐለም እንደ ቤተኛ ተቀብለውት መሥራቱ፣ ኳስ ሰውን ከሰው ለማገናኘት ያለውን ኃይል ያሳያል።

ነገር ግን ወዳጆቼ፣ በእነዚያው ዓመታት አንድ ክፉ ነገርም አብሮ አደገ። በአንዳንድ ሜዳዎች እንግዳውን ቡድን መስደብ፣ ድንጋይ መወርወር፣ የክለብን ጨዋታ የብሔር ጠብ ማድረግ ተለመደ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ጨዋታዎች የማንም ወዳልሆነ ገለልተኛ ሜዳ ይወሰዱ ጀመር። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ገባ ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ።

በ2013 ዓ.ም ሊጉ እንደ ገና ሲጀመር አዲስ አሠራር መጣ። ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ ላይ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተሰበሰቡ ይጫወቱ ጀመር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ስላልተገኙ የቀሩት ክለቦች 13 ነበሩ። 13 ጎዶሎ ቁጥር ስለ ሆነ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፋል፤ ጠቅላላውም 13 በ12 ተባዝቶ 156 ጨዋታ ይሆናል። ዋንጫውን የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ወሰደ። ሦስቱ ክለቦች ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም ነው፤ በዚያ ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ኢትዮጵያ መድን ነበር።

ይህን አሠራር ያለ ምክንያት አመጡት ማለት አይቻልም። በወረርሽኙ ጊዜ ጉዞ ለመቀነስ ረድቷል፤ ጠብንም አብርዷል፤ ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን በቀጥታ እንዲታዩ አስችሏል፤ ክለቦችም ከዚህ ገንዘብ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ የቀረብንን ነገር ደግሞ እንቁጠር። በመርሐ ግብሩ ላይ አንዱ ቡድን ባለሜዳ፣ ሌላው እንግዳ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም ግን ከቤታቸው ርቀው ሆቴል ያደሩ ናቸው። ሜዳ የሌለው ከተማ ልጅ የከተማውን ቡድን የሚያየው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። በስታዲየም በር ቆሎ የምትሸጠው እናት፣ ማልያ የሚነግደው ወጣት ገበያቸው ተቋርጧል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ የአንድ ከተማ ሰው የሌላውን ከተማ ልጆች በገዛ ደጁ የሚቀበልበት ቀን ቀርቷል።

ሜዳ ማጣት ምን እንደ ሆነ ብሔራዊ ቡድናችን አሳይቶናል። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ ስላላሟሉ፣ በ2014 ዓ.ም ሰኔ ወር ኢትዮጵያ ግብፅን በባለሜዳነት የተቀበለችው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር። ልጆቻችን 2 ለ 0 አሸነፉ። በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ በእልልታ ያየችውን ዐይነት ድል፣ ከ60 ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ በሜዳ ተገኝቶ ሊያየው አልቻለም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሣር ማልማትና ስታዲየም መሥራት የመንግሥትና የከተሞች ፈንታ ነው። እንግዳን ማክበር ግን የእኛ የተመልካቾች ፈንታ ነው። ስታዲየሙ በእብነ በረድ ቢሠራ እንኳ፣ እንግዳው ቡድን በሰላም ገብቶ በሰላም የማይወጣበት ከሆነ ጨዋታው ተመልሶ ወደ ገለልተኛ ሜዳ መሄዱ አይቀርም። በባህላችን እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ቆመን እንቀበላለን፤ ውኃ እናስታጥባለን፤ ከፍ ያለውን ወንበር እንሰጣለን። ይህ ልማድ በስታዲየም በር ላይ ለምን ይቀራል?

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን እንድንጀምር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በክፍሎች መካከል የምናደርገው ውድድር እስከ አሁን ጥሎ ማለፍ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የተሸነፈ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በሊግ ብናደርገው አራት ክፍሎች በስድስት ሳምንት 12 ጨዋታ ይጫወታሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሀ ከለ፣ ሐ ከመ፤ በሁለተኛው ሀ ከሐ፣ ለ ከመ፤ በሦስተኛው ሀ ከመ፣ ለ ከሐ ይገናኛሉ። በቀሩት ሦስት ሳምንታት ያው ይደገማል፤ ባለሜዳ የነበረው ግን እንግዳ ይሆናል። ሜዳችን አንድ ነው ብትሉኝ፣ ባለሜዳ የሚሆነው ክፍል መስመሩን በኖራ ያሥምር፤ ለእንግዳው ክፍል መቀመጫና የሚጠጣ ውኃ ያቅርብ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እስከ በሩ ይሸኝ። እንግዳውን የሰደበ ክፍል ካለ ከነጥቡ ይቀነስበት።

ከዚህ ሜዳ ላይ ነገ ተጫዋች፣ ዳኛ፣ የክለብ መሪ፣ ይልቁንም በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ተመልካች ይወጣል። እነዚህ ሰዎች እዚህ እንግዳ መቀበልን ከተማሩ፣ የመቐለ ቡድን በባሕር ዳር፣ የሐዋሳ ቡድን በጅማ፣ የድሬዳዋም ቡድን በጎንደር ያለ ፍርሃት የሚጫወትበትን ቀን ያመጡልናል። የመምህራኖቻችንና የወላጆቻችን ፈቃድ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሚመጣው ወር ለመጀመር እኛ ተማሪዎች ዝግጁ ነን።