ጀርመን ሼፐርድ ወይስ ማሊኖይስ?



ግቢ የሚጠብቅ፣ ከኳስ ከማይለዩት ልጆቻችን ጋርም የሚሮጥ ውሻ ፈልገን ሁለት ዝርያዎችን አነጻጸርን። ጀርመን ሼፐርድም የቤልጂየሙ ማሊኖይስም ጥንት በግ ያግዱ ነበር፤ ዛሬ ከፖሊስ ጋር ይሠራሉ። ወንዱ ሼፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ማሊኖይሱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሼፐርዱ ብዙ ይበላል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመምም ያሰጋዋል።

ብሩን ብቻ ብናሰላ ማሊኖይሱን በመረጥን ነበር። ነገር ግን ጊዜም ወጪ ነው። ማሊኖይስ በየቀኑ ብዙ ሩጫና ሥልጠና ይፈልጋል፤ ካላገኘ ዕቃ ያኝካል፣ የሚሮጥ ልጅ እያሳደደ ተረከዙን ሊነክስ ይችላል። እኛ ደግሞ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባ ሰዎች ነን። ጠዋትና ማታ በእግር ልናወጣው እንችላለን፤ ከሰዓት ልጆቹ አሉ። ለዚህ ኑሮ ረጋ የሚለውን ሼፐርድ መረጥን።

ሁለቱም ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ከታሰሩ ጠባያቸው ይከፋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ለሁለቱም ግድ ነው፤ በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

እህቶቻችን፣ ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት ከገንዘባችሁ እኩል ጊዜያችሁን ቁጠሩ።