ከተወሰነለት በላይ የሚመታ ሰዓት፦ አሮጌ ፕሮሰሰርን በአዲስ አበባ አየር ስለ ማፍጠን



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ ፕሮሰሰር ነው። ርእሱ ለዚህ መድረክ ያነሰ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ኦቨርክሎኪንግ፣ ማለትም ፕሮሰሰርን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ እዚህ ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ከሚመላለሱት ተማሪዎች መካከል፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ስሌት ከአሥር ዓመት በላይ ባገለገለ ኮምፒውተር የሚሠራ ማግኘት አያስቸግርም። አዲስ ለመግዛት አቅም የሌለው ይህ ተማሪ «ያለኝን ላፍጥነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ በቂ መልስ ይገባዋል። የእኔ መልስ «ይቻላል፤ ነገር ግን በምትኩ ምን እንደምትከፍል አስቀድመህ ዕወቅ» የሚል ነው።

የሚከፈለው መጠባበቂያ ነው። አምራቹ አንድን ፕሮሰሰር 2.4 ጊጋኸርትዝ ብሎ ሲሸጥ፣ በሞቃት ክፍል፣ አቧራ በበዛበት ሳጥን፣ ለዓመታትም ካገለገለ በኋላ በዚያ ፍጥነት ሳይሳሳት እንዲሠራ አስቦ ነው። በዚህ ምክንያት በገደቡና በእውነተኛው አቅም መካከል ክፍተት ይተዋል። ኦቨርክሎኪንግ ይህን ክፍተት መብላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300 ኤ ዝነኛ የሆነው፣ በ300 ሜጋኸርትዝ ተሽጦ ብዙ ጊዜ በ450 መሥራት በመቻሉ ነበር።

ለጀማሪ የተሻለ ማስተማሪያ የሚሆነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ባለ አራት ኮሩ ኮር ቱ ኳድ ኪው 6600 ነው። ፍጥነቱ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ የማዘርቦርዱ መነሻ ምት 266 ሜጋኸርትዝ፣ ማባዣው ደግሞ 9፤ ውጤቱ 2.4 ጊጋኸርትዝ። ማባዣውን ወደ ላይ መለወጥ አይቻልም። መነሻ ምቱ ግን በባዮስ ውስጥ ወደ 333 ከፍ ቢል ፍጥነቱ 3 ጊጋኸርትዝ ይሆናል። ይህ የ25 በመቶ ጭማሪ ነው፤ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ስሌት ቢበዛ ወደ ስምንት ሰዓት ይወርዳል። «ቢበዛ» ማለቴ ይሰመርበት፤ ሥራው ዲስክ የሚጠብቅ ከሆነ ምንም ላያገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚያዘግመው፣ ፋይል ሲፈልግ የሚያቃስተው ተማሪ ገንዘቡን ለኤስኤስዲ ቢያውል ከማንኛውም ኦቨርክሎኪንግ ይበልጥ ይደሰታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከድግግሞሹ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ድግግሞሹን ብቻ በ25 በመቶ ብናሳድግ ኃይሉም በዚያው ልክ ይጨምራል። ምቱ አልረጋ ብሎ ቮልቴጁን ከ1.25 ወደ 1.35 ብናነሣው ግን ሁለቱ ተባዝተው ጭማሪው ወደ 46 በመቶ ይጠጋል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ 0.1 ቮልት እንደ ቁጥር ትንሽ ስለሆነች በሙቀትም ትንሽ ትመስለዋለች።

ይህን ሙቀት የሚሸከመው አየር ነው፤ አየራችን ደግሞ ቀጭን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው አየር በይዘት ያው ሆኖ ሳለ በክብደት ግን በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሙቀት የሚወስደው ደግሞ ክብደቱ ነው። ለስሌት ያህል፣ በባሕር ዳርቻ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ ሙቀት በ40 ዲግሪ ብቻ አብልጦ የሚይዝ ማቀዝቀዣ አለን እንበል። 46 በመቶ ኃይል ሲጨመር ልዩነቱ 58 ይሆናል። የአየሩ መሳሳት አንድ አምስተኛ ያህል ቢያክልበት 70 ይደርሳል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ 92 ላይ ነን ማለት ነው። በኢንተርኔት «እኔ ዘንድ በደንብ ሠርቷል» የሚለውን ሰው ቁጥር እንዳለ የሚገለብጥ ተማሪ፣ የሰውየው ከተማ ምናልባት ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ እንደማትል አይጠይቅም። እርግጥ የከተማችን ለዘብተኛ የአየር ጠባይ የተወሰነውን ይመልስልናል፤ ሎጂያ ወይም ሰመራ ላይ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ክፍሉ ራሱ እሳት ነው።

ሙቀቱ ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በስክሪን ላይ 3 ጊጋኸርትዝ እያነበቡ ከቀድሞው ባነሰ ፍጥነት መሥራት ይቻላል።

የሚያሳስበኝ ግን መቃጠሉ አይደለም። ማሽኑ በድንገት ቢዘጋ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ቢያሳይ፣ ቢያንስ ችግር እንዳለ ነግሮናል። የከፋው ዝም ብሎ መሳሳቱ ነው። ምቱ ከትራንዚስተሮቹ አቅም ጥቂት ሲቀድም፣ አንዲት ምልክት ሳትደርስ ቀጣዩ ምት ይመጣና ከሚሊዮኖች አንዱ መደመር ይሳሳታል። ፕሮግራሙ ይቀጥላል፤ ሠንጠረዡ ይሞላል፤ ቁጥሩም እውነት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆርጅ ዎልትማን የጀመረው፣ ትላልቅ የሜርሰን ብቸኛ ቁጥሮችን የሚፈልግ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ የአንዱን ኮምፒውተር ውጤት በሌላ ኮምፒውተር ደግሞ ያስመረምር ነበር። ፕራይም 95 የተባለው ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን እያስጨነቀ ውጤቱን አስቀድሞ ከታወቀ መልስ ጋር ስለሚያነጻጽር፣ ኦቨርክሎክ የሚያደርጉ ሰዎች ዋና መፈተኛ ሆኗል።

እንግዲህ ጀማሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ማሽኑ የሚፈቅድ መሆኑን ያረጋግጥ። ከቢሮ ወጥተው ለገበያ የሚቀርቡ የዴልና የኤችፒ ኮምፒውተሮች ባዮስ በአብዛኛው ይህን ምርጫ አይሰጥም፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ባሉት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮችም ማባዣቸው ክፍት የሆነው በጥቅሉ እንደ 2500 ኬ ያሉት ባለ «ኬ» ምልክቶቹ ናቸው። የሚፈቅድ ከሆነ፣ ምንም ቁጥር ሳይነካ ፋይሎቹን በሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ አቧራውን ያጽዳ፤ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጠርጎ አዲስ ይቀባ። ይህ ብቻውን የሙቀት መለኪያውን ሲያወርደው ታያላችሁ። ከዚያ ቮልቴጁን ሳይነካ፣ የሜሞሪው ፍጥነት አብሮ እንዳይሮጥ ዝቅ አድርጎ፣ መነሻ ምቱን በ5 ወይም በ10 ሜጋኸርትዝ እያሳደገ በየደረጃው ይፈትን። ፈተናው ለሰዓታት ይቆይ፤ ጧት በብርዱ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ይሁን። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ያለ ሰው ከገደቡ ዝቅ ብሎ ይቁም፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ በተጨማሪ ጭነት ላይ የቮልቴጅ መውረድን አይችልም። የመጀመሪያዋ ስሕተት ስትታይ ቮልቴጅ በመጨመር ከመሟገት ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል፤ እኔ ለአንድ ኮምፒውተር ባለቤት ከዚህ ያለፈ ነገር አልመክርም።

ለምርምር የምትጠቀሙበት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር እጠይቃለሁ። በፈጠነው ማሽን እንደልባችሁ ሞክሩ፣ ሞዴሉን አስተካክሉ፣ አሥር ጊዜ አስሉ። ወደ ጽሑፋችሁ የሚገባውን የመጨረሻ ሠንጠረዥ ግን በፋብሪካው ፍጥነት መልሳችሁ አሂዱ፤ ቁጥሮቹንም ከቀድሞዎቹ ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ። ከተለያዩ የትኛውን ለአማካሪያችሁ እንደምትሰጡ ታውቃላችሁ።