ስለ ተከላካይ ሥራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ታላላቅ ሊቃውንት መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ለመናገር መርጠናል። ምክንያቱ በንግግራችን ፍጻሜ ይገለጻልና እስከዚያው በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን።

በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ከአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰዎች ይሰለፋሉ። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ የሚያጨበጭብለት ግን ግብ ያገባውን ነው። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ በአሥራ አንደኛው ቢያገባ ጀግና ይባላል፤ ተከላካይ ግን አሥር ጊዜ አድኖ በአሥራ አንደኛው ቢስት አሥሩ ይረሳና አንዱ ብቻ ይወራል። የተከላካይ ሥራ በደንብ ሲሠራ አይታይም፤ ፍሬው ያልገባ ግብ ነውና። ያልሆነውን ነገር ደግሞ ማን ይቈጥረዋል?

ይህን የማይታይ ሥራ በሃያ አምስት የውድድር ዘመናት ለአንድ ክለብ ብቻ የሠራ ሰው አለ፤ እርሱም ኢጣልያዊው ፓውሎ ማልዲኒ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ማልዲኒ በ1968 በሚላኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቼዛሬ ማልዲኒም የሚላን ክለብ ተከላካይና አምበል ነበር፤ በ1963 ክለቡ በለንደን ከተማ በዌምብሌይ ሜዳ የፖርቱጋሉን ቤንፊካን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮጳን ዋንጫ ሲወስድ አምበሉ እርሱ ነበር። ልጁ ፓውሎ ለክለቡ ዋና ቡድን መጀመሪያ የተጫወተው በ1985 በጥር ወር በኡዲኔ ከተማ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ዕድሜው 16 ዓመት ብቻ ነበር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኒልስ ሊድሆልም ከዕረፍት በኋላ አስገባው።

የታላቅ ሰው ልጅ መሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሰው ሁሉ ልጁን ከአባቱ ጋር ያስተያያል። ከአባት የሚወረሰው ስም ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። ማልዲኒ በተፈጥሮው በቀኝ እግሩ የሚመታ ነበር፤ ነገር ግን የሚሰለፈው በግራ መሥመር ስለ ሆነ፥ ግራ እግሩ እንደ ቀኙ እስኪታዘዝለት ድረስ ተለማመደ።

በ1987 አሪጎ ሳኪ የተባለ አሠልጣኝ ወደ ክለቡ መጣ። ይህ ሰው ተጫዋቾቹን አንዳንድ ጊዜ ያለ ኳስ ያለማምድ ነበር። ኳሱ በዚህ በኩል ነው ብሎ በቃሉ ሲያመለክት ሁሉም በአንድነት ወደዚያ ይንቀሳቀሳሉ። ታሶቲ፥ ባሬዚ፥ ኮስታኩርታና ማልዲኒ እንደ አንድ ሰው ወደ ፊት ሲራመዱ የባላጋራው አጥቂ ከኋላቸው ቀርቶ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። ከአራቱ አንዱ አንዲት እርምጃ ቢዘገይ ግን ወጥመዱ ይበላሻል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ሜዳ ላይም እውነት ነው። እንግዲህ ግብ በገባ ጊዜ በመጨረሻ የታየውን ሰው ብቻ መውቀስ ጨዋታውን አለማወቅ ነው።

የዚህን ሥራ ዋጋ በቁጥር ማየት ለሚፈልግ የ1993-94ን የኢጣልያ ውድድር ይመልከት። ሚላን በ34 ጨዋታዎች ያገባው 36 ግብ ብቻ ሲሆን የገባበት ግን 15 ብቻ ነበር፤ ሆኖም አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በአቴና ከተማ በአውሮጳ ዋንጫ ፍጻሜ ከባርሴሎና ጋር ሲገጥም ባሬዚና ኮስታኩርታ በቅጣት ምክንያት አልተሰለፉም። ማልዲኒ ከግራ መሥመር ወደ መካከል ገብቶ ክፍተቱን ሞላ፤ ሚላንም 4 ለ 0 አሸነፈ።

ነገር ግን ስለ ድሉ ብቻ ብንናገር ከእውነቱ ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ለአገሩ ቡድን በአራት የዓለም ዋንጫዎች ተሰልፎ አንዱንም አላገኘም። በ1990 በግማሽ ፍጻሜ በአርጀንቲና፥ በ1994 በፍጻሜው በብራዚል፥ በ1998 በሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ፥ ሦስቱንም ጊዜ ቡድኑ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። በ2002 ከደቡብ ኮሪያ ጋር በተጨመረው ሰዓት፥ የኮሪያው አጥቂ ከማልዲኒ በላይ ዘሎ በራሱ ገጭቶ አገባ፤ በዚያን ጊዜ ደንብ በጭማሪው ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፍ ስለ ነበር ጨዋታው እዚያው ላይ አለቀ። ማልዲኒም ለአገሩ 126 ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። ከአራት ዓመት በኋላ ኢጣልያ የዓለምን ዋንጫ ስታገኝ እርሱ በመካከላቸው አልነበረም።

በክለቡም እንዲሁ ነው። በ2003 በማንቸስተር ከተማ፥ አባቱ ዋንጫ ባነሣ በአርባ ዓመቱ፥ እርሱም በአምበልነት የአውሮጳን ዋንጫ አነሣ። በ2005 በኢስታምቡል ከሊቨርፑል ጋር በተደረገው ፍጻሜ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ራሱ ማልዲኒ አገባ፤ እስከ ዕረፍትም ሚላን 3 ለ 0 ይመራ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ግን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ግብ ገባባቸውና በመጨረሻ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጫማውን በሰቀለ ነበር። እርሱ ግን በሁለተኛው ዓመት በ38 ዓመት ዕድሜው ከዚያው ከሊቨርፑል ጋር በአቴና ተገናኝቶ፥ ቡድኑ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ዋንጫውን ተቀበለ። በጠቅላላው በስምንት የአውሮጳ ዋንጫ ፍጻሜዎች ተጫውቶ አምስቱን አሸንፏል፥ ሦስቱን ተሸንፏል። ለሚላን የተሰለፈበት ጨዋታ 902 ነው።

ክቡራትና ክቡራን፥ ይህ ሰው በ2009 በሜዳው ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰናበት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ከገዛ ክለቡ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ በፉጨት ዘለፉት። በሚቀጥለው ሳምንት በፍሎረንስ ከተማ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲፈጽም ግን የባላጋራው ቡድን ደጋፊዎች ተነሥተው አጨበጨቡለት። ይህን ባነበብን ጊዜ እጅግ አፈርን፤ ምክንያቱንም አሁን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቶች ውድድር ቡድናችን ለፍጻሜ ደርሶ እንደ ነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከክፍላችን የሆነው ተከላካይ እግሩ አዳልጦት ወደቀ፤ ባላጋራውም አልፎት አገባና 1 ለ 0 ተሸነፍን። በመመለሻው መንገድ በአውቶቡስ ውስጥ ከእርሱ ጋር የተቀመጠ አልነበረም። በማግስቱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያሳፍር ቃል ተጽፎ ተገኘ፤ የጻፈው አንድ ሰው ቢሆንም የሳቅነው ሁላችን ነን። እርሱ ምንም ሳይመልስ ማሊያውን አጥቦና አጥፎ ለስፖርት መምህራችን አስረከበ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሜዳ አልታየም።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ የውድድሩን መዝገብ ገልጠን አየን። ከፍጻሜው በፊት በተደረጉት አምስት ጨዋታዎች በቡድናችን ላይ የገባው አንድ ግብ ብቻ ነበር። አምስቱን ጨዋታ ለግብ አግቢዎቻችን ስንዘፍን ከኋላ ማን እንደ ቆመ አልጠየቅንም። በመጨረሻው ቀንም ኳሱን በመሐል ሜዳ ያስነጠቅነው፥ ተመልሰንም ያልረዳነው እኛ ነበርን፤ እርሱ የታየው ከኋላችን ብቻውን ቀርቶ ስለ ነበር ነው።

ወንድማችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ስሙን በመጥራት ልናሳፍረው አንወድም፤ እርሱ ራሱን ያውቃል። በሕዝብ ፊት ስለ ዘለፍነው ይቅርታ የምንለምነውም በሕዝብ ፊት ነው። ከቀትር በኋላ መምህራንና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይጋጠማሉ። ከተከላካዮቻችን መካከል አንድ ቦታ ክፍት ትተናል፤ ማሊያውም በስፖርት መምህራችን ዘንድ ይጠብቀዋል። ባይመጣ አንፈርድበትም፤ ቢመጣ ግን በዚህ ጊዜ ተመልሰን እንረዳዋለን።

እናንተም ታናናሾቻችን እኛ ከሄድን በኋላ በዚህ ሜዳ ስትጫወቱ፥ ያገባውን ካመሰገናችሁ በኋላ ዞር ብላችሁ ከኋላ የቆመውን ተመልከቱ።