ራስ አልባው የድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያ፤ በቦንጋ ከተገኘ የሥራ ልምድ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስሙ ራሱ የሚያስደነግጥ ነው። ራስ የሌለው አካል በድን መሆኑን የማያውቅ የለም። ታዲያ ባለሙያዎች «ራስ አልባ» ብለው የሰየሙት የድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያ ሕያው ሆኖ የሚሠራው እንዴት ነው? ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቦንጋ ከተማ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ዜና የሚጽፍ ሠራተኛስ ስለዚህ ነገር ማሰብ ለምን ያስፈልገዋል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከመጻሕፍት ይልቅ ከሥራ ያገኘሁትን መልስ ላቀርብላችሁ እሞክራለሁ።

ነገሩን ለመረዳት የካፋን ቡና ማሰብ ይበቃል። ገበሬው ቡናውን ለቅሞ ካደረቀ በኋላ በጀንፈልነቱ ያስቀምጠዋል። ቆልቶና ወቅጦ በጎተራ የሚያኖር ሰው የለም፤ የተቆላ ቡና መዓዛው አይቆይምና። እንግዳ ሲመጣ ይፈለፈላል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። ከዚያው ከአንዱ ጎተራ የወጣው ቡና ለጎረቤት በሲኒ ይቀርባል፤ ለነጋዴ በጆንያ ይጫናል። ራስ አልባው ሥርዓትም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። «ራስ» የተባለው ለአንባቢ የሚታየው ገጽታ ነው፤ ይኸውም ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠንና የገጹ አደራደር ነው። ነባሩ ሥርዓት ይዘቱንና ገጽታውን አንድ ላይ አጣብቆ ሲይዝ፣ ራስ አልባው ግን ይዘቱን ብቻውን ይጠብቃል፤ ኤፒአይ በሚባለው በር በኩልም ለጠየቀው ሁሉ ያቀብላል። ጠያቂው ድረ ገጽ፣ የእጅ ስልክ መተግበሪያ፣ ወይም በሙዚየም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ በአንድ ጀንበር የተወለደ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ዎርድፕረስ ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ያለ ፕሮግራም አዋቂ ድረ ገጽ ባለቤት አድርጓቸዋል። ይሁን እንጂ የእጅ ስልክ ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር በልጦ የአንባቢው ዋና መገናኛ በሆነ ጊዜ፣ ለአንድ ዓይነት ገጽ ብቻ የተዘጋጀው ይዘት ጠበበ። በ2013 እ.ኤ.አ. በበርሊን ከተማ የተመሠረተው ኮንቴንትፉል ይዘትን ብቻ የሚያስተዳድር አገልግሎት ይዞ ቀረበ፤ ስትራፒን የመሳሰሉ ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ሥርዓቶችም ተከተሉ። ዎርድፕረስም ቢሆን በታኅሣሥ ወር 2016 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.7 ዕትሙ የይዘት ኤፒአዩን የሥርዓቱ መደበኛ ክፍል ስላደረገው፣ የፈለገ ሰው ራሱን ቆርጦ አካሉን ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል።

አሁን ወደ ቦንጋ ልመለስ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ካፋ ዞን እስከዚያ ድረስ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አካል ነበረ። ይህ በታሪክ ትልቅ የሆነ ለውጥ ለድረ ገጽ ሠራተኛ ምን ዓይነት ጣጣ ይዞ እንደመጣ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የቀድሞው ክልል ስም በየገጹ ግርጌ፣ በየዜናው መግቢያ፣ በየሥዕሉ ላይ ሳይቀር በእጅ ተጽፎ ነበር። ሁለት ሠራተኞች ለሳምንታት ገጽ በገጽ እየከፈቱ አረሙ። ይሁንና ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ አሮጌው ስም ካልታሰበ ቦታ ብቅ ይል ነበር።

ወደ ራስ አልባው ሥርዓት የተሻገርነው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲሱ አሠራር የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ አድራሻና ክልል በአንድ መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ዳሩ ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ያላሰብነው ጥያቄ ተነሣ። ከክልሉ ምሥረታ አስቀድሞ የተጻፈ ዜና የያኔውን ስም መያዝ አለበት ወይስ የአሁኑን? ሁሉንም በአንድ ቁልፍ መለወጥ ቢቻልም፣ እንዲያ ማድረግ ታሪክን መፋቅ ይሆናል። ስለዚህ የሚለዋወጠውን አድራሻ ከማይለወጠው የጊዜው ምስክርነት ለየንና ለእያንዳንዱ የተለየ ቦታ ሰጠነው። ከዚህ የተማርኩት ይዘትን ከገጽታ መለየት የሚያበቃ ሥራ አለመሆኑን ነው፤ ይዘቱንም ከይዘት መለየት ያስፈልጋል።

የተጠቃሚዎቹን ልምድ በሦስት ከፍዬ ላቅርብ።

መጀመሪያ የጸሐፊውን እንይ። በዚያው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት በጋዜጠኝነት ያገለገሉ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። አዲሱን የመጻፊያ ቅጽ ባሳየኋቸው ቀን ርእስ፣ ንኡስ ርእስ፣ ቀን፣ ወረዳና ሐተታ በየሣጥኑ ተለያይተው ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ይህ የግብር መክፈያ ቅጽ ነው ወይስ ዜና? የጻፍኩት ምን መስሎ እንደሚወጣ ሳላይ እንዴት ብዬ ልፈርምበት?» አሉኝ። እኔም መልስ አጣሁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው በእርሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። በራስ አልባ ሥርዓት ላይ ከሚሰሙት አቤቱታዎች ሁሉ በየአገሩ የሚደጋገመው ይኸው ነው። ገጽታው ሌላ ቦታ ስለሚሠራ፣ ፕሮግራም አዋቂው የቅድመ ዕይታ መስኮት አስቦ ካልሠራ በቀር ጸሐፊው በጨለማ ይጽፋል። እኛም መስኮቱን ወደ ኋላ አቆይተነው ስለ ነበር ስሕተቱ የእኛ እንጂ የጋሼ አልነበረም። መስኮቱ ተሠርቶ ጽሑፋቸውን በስልክ ስፋት ባዩ ጊዜ፣ ረጅሙን መግቢያቸውን ማንም ሳይነግራቸው በራሳቸው እጅ አሳጠሩት።

ሁለተኛው የጸሐፊ ችግር የፊደላችንና የቀን አቆጣጠራችን ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ከታቀፈ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ አማርኛ መጻፍ ችግር አይደለም። ነገር ግን ሥርዓቱ ከርእሱ የገጽ አድራሻ ሲያበጅ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አድራሻው ተገልብጦ በሌላ ቦታ ሲለጠፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። 20 ፊደል ያለው ርእስ 180 ምልክት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። አንዳንዱ ሥርዓት ደግሞ ፊደላችንን ጨርሶ ጥሎ ባዶ አድራሻ ይሰጣል። የቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ ጳጉሜን የምታህል ወር ቦታ የላትም። እኛ ቀኑን በአንድ ወጥ መልክ አስቀምጠን፣ ለአገር ውስጥ አንባቢ በኢትዮጵያ፣ ለውጭው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንዲታይ አደረግን። ይህን በመሰለው ጉዳይ የይዘትና የገጽታ መለያየት ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል።

የፍለጋውም ነገር እንዲሁ ነው። በቀድሞ ጽሑፎች «ከፋ» የተባለው ዛሬ በብዛት «ካፋ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዱን የጻፈ ፈላጊ ሌላውን አያገኝም። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ይህን የሚያስታርቅ የተመሳሳይ ፊደላት ሠንጠረዥ ራሳችን መጨመር ነበረብን። ካፊኖኖ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ሲኖረው ለካፊኖኖ የተሰጠው ባለ ሦስት ፊደል ብቻ ስለ ሆነ፣ በተዘጋጀው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በእጅ ጨመርነው። የአገሬው ሰው በገዛ ቋንቋው የሚያነበው ገጽ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው እንዲህ ባለች ትንሽ ዝርዝር ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የባለሙያው ልምድ ነው። በነባሩ ሥርዓት አንድ ብልህ ጸሐፊ የገጹን ቀለም ራሱ ሊለውጥ ይችል ነበር። በአዲሱ ግን ገጽታው በፕሮግራም አዋቂው እጅ ነው። እኛ ዘንድ ገጽታውን የሠራው ወጣት የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ፣ ይዘቱ በጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚቆላው ጠፋ። ለወራት አንዲት ሣጥን እንኳ መጨመር አልቻልንም። በተጨማሪም በደመና ላይ የሚከራዩት አገልግሎቶች ክፍያቸውን በውጭ ምንዛሪ ስለሚጠይቁ፣ ለአንድ የዞን መሥሪያ ቤት ገንዘቡ ቢኖር እንኳ መክፈያው መንገድ ቀላል አይደለም። በራስ ሰርቨር ላይ የሚተከለው ከዚህ ነጻ ያወጣል፤ ግን የመብራት፣ የመጠባበቂያ ቅጂና የዕትም ማሻሻያ ኃላፊነት ይከተላል። በዚህም ላይ ሦስትና አራት ገጽ ብቻ ያለው፣ ዜናውም በወር አንድ ጊዜ የሚወጣ መሥሪያ ቤት ወደዚህ ሥርዓት ቢገባ ነገሩ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሆንበታል፤ ነባሩ ይበቃዋል።

ስለ አንባቢው የምለው ጥቂት ነው። ገጹ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የሚሠራ ሳይሆን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ቀለለ። መስመሩ ደካማ በሆነበት ወረዳ በስልክ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ያያል፤ የይዘቱ ሰርቨር መብራት አጥቶ ቢጠፋ እንኳ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በሌላ ቦታ የተቀመጠው ገጽ ይነበባል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ካፋ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበ፣ የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት አገር ነው። ስለዚህ ደንና ስለዚህ ቡና ዓለም የሚጠይቀው ከቀን ወደ ቀን ይበዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ፣ የተፈጻሚነት ጊዜው ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡና ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በካርታ መጋጠሚያ ነጥብ እንዲገለጽ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነው ማሳም ዙሪያውን የሚያሳይ ወሰን ይፈልጋል። ራስ አልባው ሥርዓት ይህን የሚያረጋግጥ መዝገብ ነው ብዬ አላታልላችሁም፤ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ልማዱ ግን አንድ ነው። ስለ ማሳው የሚታወቀውን ባማረ ሐተታ ውስጥ ቀብሮ ያስቀመጠ ሰው፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውንና ስፋቱን ለየብቻ አውጥቶ ማቅረብ ሲጠየቅ ባዶ እጁን ይቀራል። እያንዳንዱን በየሣጥኑ ያስቀመጠ ግን ለድረ ገጹም፣ ለገዢውም፣ ለገበሬው ልጅም ከአንዱ ጎተራ ይሰጣል።

ስለዚህ ወደዚህ ሥርዓት ለመግባት ላሰበ ባልደረባ ምክሬ አጭር ነው። ሥርዓቱን ከመምረጥህ በፊት ይዘትህን በወረቀት ላይ ከፋፍል። የቅድመ ዕይታ መስኮቱን ከመጀመሪያው ቀን ሥራ። ገጽታውን ከአንድ በላይ የሆኑ ሰዎች እንዲያውቁት አድርግ፤ አሠራሩንም ጻፍ። የይዘቱን ሙሉ ቅጂ በየጊዜው አውጥተህ በእጅህ ያዝ፤ ሥርዓቶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ የሕዝቡ መዝገብ ግን አብሯቸው መሄድ የለበትም።

ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ስለ ደኑ የጻፉት አንድ ሐተታ ነበር። ድረ ገጹ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መልኩን ለውጧል። ሐተታው ግን አንዲት ቃል ሳይጎድልበት፣ እርሳቸው በጻፉበት ቀንና በእርሳቸው ስም፣ ዛሬም ይነበባል።