መኪና መንገድ ላይ ሲቆም፦ ጥንቃቄና ተወኩል
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶለዋትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ቤተሰብ ጭነን ስንጓዝ መኪናችን ከከተማ ርቆ ቢቆምብንና ከጨለማው ውስጥ የማናውቀው ሰው «ልርዳችሁ?» እያለ ቢመጣ ምን እናድርግ? ሰውየው አላህ የላከልን ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ንብረታችንን ወይም ከዚያ የከፋ ነገር የሚፈልግም ሊሆን ይችላል። ፊቱን አይተን ልቡን ማወቅ አንችልም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ምእመናን ከብዙ ጥርጣሬ እንዲርቁ አዟል። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 71 ደግሞ ለዘመቻ ሲወጡ ጥንቃቄያቸውን እንዲይዙ አዟል። ሁለቱ ትእዛዞች አይጋጩም። ጥርጣሬ ያላየነውን ወንጀል በሰው ላይ መለጠፍ ነው። ጥንቃቄ ግን የመጣው ሰው ደግም ይሁን ክፉ የመኪናችንን በር መቆለፍ ነው። ደግ ሰው በተቆለፈ በር አይቀየምም፤ የእሱም እህት እንዲሁ እንድታደርግ ይፈልጋልና።

«እኔ በአላህ ተመክቻለሁ» ብሎ ሰበብን መተው ተወኩል አይደለም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ነግረውታል። የእኛ ዘመን ግመል መኪና ናት። ማሰሪያዋም ከመነሳት በፊት የራዲያተሩን ውሃ፣ የሞተሩን ዘይትና የስኮርታ ጎማውን ንፋስ ማየት ነው። ክሪክ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ የመጠጥ ውሃና የተሞላ ስልክ መያዝም እንዲሁ ነው። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት ብቻን ከመጓዝ አስጠንቅቀዋል። መንገደኞች ለገንዘብ በሚታገቱበት በዚህ ዘመን የዚህን ምክር ጥቅም ሁላችንም እናውቃለን። የሚቻል ከሆነ በጠዋት ተነሱ፤ ሳይመሽም ከተማ ግቡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ መኪናው ቢቆም የሚከተሉትን አስታውሱ፦

1ኛ. መኪናው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከአስፋልቱ አውጡት፤ ፍሬቻውን አብሩ፤ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። በጣርማበር ጉም ውስጥ ወይም በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ከሰው ይልቅ የሚያሰጋው ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና ነው። መኪናው መንገድ ላይ ተገትሮ ከቀረ ቤተሰቡን አውርዳችሁ ከመንገዱ አርቁ።

2ኛ. ለቤተሰብ ደውላችሁ ያላችሁበትን ንገሩ። ያለፋችሁትን ከተማና በመንገዱ ዳር ያለውን የኪሎ ሜትር ምልክት ጥቀሱ። አደጋ ከታያችሁ ለፖሊስ 991 ደውሉ።

3ኛ. መኪናው ከአስፋልቱ የወጣ ከሆነ ውስጥ ሆናችሁ በሩን ቆልፉ። ለመጣው ሰው መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ በትሕትና መልሱ። «አላህ ይስጥልን፣ ሰዎች እየመጡልን ነው» በሉ፤ ይህም ውሸት እንዳይሆን አስቀድማችሁ ደውሉ። ሊረዳ የፈለገ ሰው በቅርብ ካለው ከተማ መካኒክ ሊልክላችሁ ይችላል።

4ኛ. ከማታውቁት ሰው ጋር ብቻችሁን ወደ መኪናው አትግቡ። እህቶች ሆይ! ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። መሄድ ግድ ከሆነ ሰው የሞላበትን የሕዝብ ማመላለሻ ምረጡ፤ የሰሌዳ ቁጥሩንም ለቤተሰብ ላኩ።

5ኛ. በከተማ ውስጥ አንዱ «ጎማህ ተንፍሷል» ብሎ ሲጠቁም፣ ሾፌሩ ወርዶ ሲያይ ሌላው በወዲያኛው በር ቦርሳ ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ በዝግታ ነድታችሁ ነዳጅ ማደያ ወይም ሰው ያለበት ቦታ ስትደርሱ እዩ። ስትወርዱ ቁልፉን ነቅላችሁ በሮቹን ቆልፉ። ዘራፊ ቢመጣባችሁ ግን ለንብረት ብላችሁ ነፍሳችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ፤ ንብረትን አላህ ይተካል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ደግሞ የማናውቀው ሰው የተባልነው እኛ ልንሆን እንችላለን። መኪና የቆመባቸውን ሰዎች አይተን ስናልፍ አማናው በእኛ ላይ ነው። እንዴት እንደምንረዳ ከዑስማን ኢብን ጦልሓ እንማር። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ልጇን ይዛ ከመካ ወደ መዲና ብቻዋን ስትሰደድ ተንዒም ላይ አገኛት። ያኔ ገና አልሰለመም ነበር። የግመሏን ልጓም ይዞ መራት። ማረፊያ ሲደርሱ ግመሉን አንበርክኮላት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ስትወርድም ግመሉን ወስዶ ከዛፍ ያስርና እሱ ሌላ ዛፍ ሥር ያርፋል። የመነሻ ሰዓት ሲደርስ ግመሉን አቅርቦ እስክትወጣ ድረስ ፈቀቅ ይላል። ባሏ ያለበት ቁባእ ሲደርሱ ቦታውን አሳይቷት ወደ መካ ተመለሰ። ኡሙ ሰለማም ከእሱ የከበረ የመንገድ ጓደኛ አለማየቷን መስክራለች።

እኛም ስንረዳ ራቅ ብለን እንቁም፤ እጃችንን እናሳይ፤ ማንነታችንን እንናገር፤ በሩን ክፈቱ ብለን አናስጨንቅ። ሰውን በመጓጓዣው ላይ መርዳት ሰደቃ እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ስንሄድም ለማስጠንቀቂያ ያኖርነውን ድንጋይና ቅጠል እናንሳ። ብዙ ሾፌር እዚያው ጥሎት ይሄዳል፤ በጨለማ የሚመጣው ባለ ሞተር ሳይክል ግን ይወድቅበታል። ከመንገድ ላይ የሚጎዳን ነገር ማስወገድ ከኢማን ክፍል ነው።

ሰበቡን ካደረስን በኋላ ልባችንን ለአላህ እንስጥ። አንድ ቦታ ላይ ያረፈ መንገደኛ ከፍጡራን ክፋት በተሟሉት የአላህ ቃላት እንዲጠበቅ የምታስተምረውን ዱዓ ልጆቻችንን እናስጠና።

አላህ (ሱ.ወ) መንገደኞቻችንን ይጠብቅልን፤ ለሌላውም የሰላም ሰበብ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።